የተሸናፊዎች ቲኬት

ባሌ ዴረል በሕይወቱ አንድም ቀን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ገብቶ አያውቅም። ይህን የሚያወራው እንደ ነውር አይደለም፣ እንደ ማዕረግ ነው። በከተማችን ፀጉር ቤት የተቀመጠ ሁሉ ታሪኩን በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ጊዜ በሁለት ከረጢት በቆሎ ለውጦ ገብቷል። ሌላ ጊዜ ጎማ የፈነዳባቸውን ሁለት ቄሶች መንገድ ላይ ረድቶ፣ ከእነሱ ጋር ከፊት ወንበር ተቀምጦ አይቷል። መጋቢት በመጣ ቁጥር ደህና ደህና ሰዎች ምክር ሊጠይቁት ቤታችን ይመጣሉ፤ እሱም እግሩን አነባብሮ ያስተምራቸዋል።

ትምህርቱ አጭር ነው። በኮሌጆች ውድድር ቀን አንድ ቲኬት ሁለት ጨዋታ ያሳያል። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲያልቅ የተሸነፉት ደጋፊዎች አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ፤ የሰው ጨዋታ ለማየት ማን ልብ አለው? እጃቸው ላይ የቀረው ግማሽ ቲኬት ግን አሁንም ያስገባል። በር ላይ ቆመህ ሁለት ቲኬት ለማለት ሁለት ጣትህን ታወጣለህ፣ ዝም ትላለህ። «የተሸነፈ ሰው አይከራከርም» ይላል ዴረል።

እኔም ስስቅበት እኖራለሁ እንጂ ጠልቼው አላውቅም። ከቆጠበው በልቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ልጃችን ታቢታ ከተማሪዎች መኝታ ቤት ደወለች። ኮሪደሩ ላይ ባለው ስልክ ስለሆነ ከጀርባዋ ሳቅና የበር ድምፅ ይሰማል።

«እማ፣ ቅዳሜ ውድድሩ ላይ የባንዲራውን መዝሙር የምዘምረው እኔ ነኝ።»

«ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

 ታቢታ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የትምህርት ቤት ውድድር ላይ መድረክ ወጥታ ድምፅዋ እምቢ ብሏት ነበር። ከተማው ሁሉ እያየ አፏን ከፍታ ቆመች፤ አንድም ቃል ሳይወጣት ወረደች። ከዚያ ወዲህ የምትዘምረው ከመዘምራን መሃል ተደብቃ ብቻ ነው።

«መምህራችን ሲጠይቀኝ እምቢ ልል ነበር፣ አፌ ቀድሞ እሺ አለ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ። «ትመጣላችሁ አይደል? የአንዳችሁን ፊት ካየሁ አልፈራም። አንዱን ብቻ ባይ ይበቃኛል።»

«እንዴት እንቀራለን! አባትሽ እግሩ ቢቆረጥ በክንዱ ይመጣል።»

ለተጫዋች ወላጅ ነፃ ወንበር አለ። ለዘማሪ ወላጅ ግን ያሰበ የለም። የእሷ ኮሌጅ ሚል ክሪክ የሚጫወተው ሁለተኛ ነው፣ እሷም የምትዘምረው ያኔ ነው አልን። ይህን ማንም አልነገረንም፤ የሚጠየቅ ነገርም አልመሰለንም። በእኛ ከተማ አዳራሽ ሴቶቹም ይጫወቱ ወንዶቹ፣ ኳስ ከመወርወሩ በፊት ሁልጊዜ ይዘመራል። እያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ መዝሙር አለው።

ቅዳሜ ውድድሩ የሚደረግበት ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የደረስነው የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር ነው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቲኬት መሸጫው መስኮት ላይ ዋጋው ተለጥፏል፦ ሠላሳ አምስት ዶላር፣ ለአንድ ሰው።

«እንግባ በቃ» አልኩት። «ቦታ እንያዝ፣ ልጅቷ ታየን።»

«ለማላውቃቸው ልጆች ሩጫ ሰባ ዶላር? ሮንዳ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ሁለት ሰዓት ብትታገሺ በአሥር እንገባለን። በተረፈው ማታ ልጅሽን ደህና እራት ታበያታለሽ።»

እራቱን ሲያነሳ ተሸነፍኩ። ሰባ ዶላሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ቦርሳዬን ዘጋሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ርካሽ ነገር ማግኘት እኔንም ደስ ይለኛል።

ጆሮውን በሱፍ የሸፈነ አንድ አየር ባየር ነጋዴ ቲኬት እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ መጣብን።

«ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ቀረኝ! ሃያ አምስት ሃያ አምስት!»

«ሃያ አምስት ከከፈልኩማ ራሴ ነኝ የምጫወተው» አለው ዴረል።

«በዚህ ሆድ?»

«ሆዴን ተወው፣ እጄን እይ። አሥር።»

«አሥር! ለእመቤቲቱ እዘንላት እንጂ፣ አፍንጫዋ እኮ ቀላ። ሃያ፣ የመጨረሻ። ልጆቼ ይሙቱ አላተርፍም።»

«ልጆችህ ይኑሩልህ» አለና ዴረል ክንዴን ይዞ ወደ መኪናችን መለሰኝ። ሰውዬው ከኋላችን «ብርዱ ሲያናግርህ ትመለሳለህ!» እያለ ጮኸ። ዴረል ደስ ብሎት ፉጨት ጀመረ።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተን ከቤት የያዝነውን ሳንድዊች ፈታን። የተጠበሰው የአሳማ ሥጋ እንደ አገራችን ወግ ከዳቦው በአራቱም በኩል ተርፎ ወጥቷል። ዴረል ጠርዙን ዙሪያውን ገመጠና ስለ ሚል ክሪክ ተከላካዮች ያብራራልኝ ጀመር። በዚህ መሃል ከአዳራሹ ጩኸት ተነሳ። ጩኸት ነው የምላችሁ፣ የመኪናው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ሰው ወለሉን በእግሩ ይደበድባል፣ ያፏጫል፣ ጩኸቱ አልበርድ አለ።

«ኧረ ምን ሆነዋል?» አልኩ።

«ገና ሳይጀመር እንዲህ ካበዱ፣ ሲሸነፉ ቲኬቱን በነፃ ነው የሚወረውሩልን» አለ ዴረል። ሳንድዊቹን ወደ አዳራሹ አቅጣጫ እንደ ብርጭቆ አነሳ። እኔም የእኔን አንስቼ አጋጨሁ፣ ሳቅን።

ከሁለት ሰዓት በኋላ በሮቹ ተከፈቱና ሐምራዊ የለበሱት መውጣት ጀመሩ። በአንድ ነጥብ ነው የተሸነፉት። ፊታቸው የቀብር ፊት ነው። ዴረል እንደሚያስተምረው ሁለት ጣቱን አውጥቶ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ የሚያሳዝን መልክ ይዞ ቆመ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ወደ እሱ ሄዱ። ሚስታቸው፣ ሐምራዊ ሻርፕ የጠመጠሙ ሴት፣ እኔ አጠገብ ቆመው አፍንጫቸውን ያብሳሉ።

«አይዞዎት፣ ለከርሞ ይሳካል» አልኳቸው።

«ኳሱን ተይው ልጄ፣ ኳስ ምን አለ። እኔ ገና ከጅምሩ ነው ዕንባዬ የመጣው። መዝሙሩን ስትዘምር አልነበርሽማ።»

«ማን?»

«ከሚል ክሪክ የመጣች ቀጭን ልጅ። ብቻዋን ወደ መሃል ወጣች። መጀመሪያ ዝም ብላ ወንበሩን ሁሉ በዓይኗ ትፈልጋለች፤ ሰው የጠፋባት ነው የምትመስለው። እኔ በሆዴ ‹ጀምሪ ልጄ፣ ጀምሪ› እላለሁ። ጀመረች። መሃሉ ላይ ስትደርስ ማይኩ ጥርቅም ብሎ አይጠፋም መሰለሽ! በቃ ልታቆም ነው ስንል፣ ዓይኗን ጨፍና አገጯን ቀና አደረገችና በባዶ ድምፅዋ ቀጠለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ዋጠ። ከላይ ያለነው እንኳ ጥርት አድርገን ሰማን። ስትጨርስ ጣራው ሊወርድ ነበር። እናቷ ምን ያህል ኮርታ ይሆን!»

እኔ፣ እናቷ፣ አፌ ውስጥ ገና የሳንድዊቹ ቅባት ነበር።

«ለሁለተኛውም ጨዋታ ይዘመራል አይደል?» አልኳቸው። 

«ኧረ አንዴ ነው የሚዘመረው፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

እጄን ጨበጡኝና ከባላቸው ጋር ሄዱ። ዴረል ሁለቱን ግማሽ ቲኬቶች ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣ። ሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ ፊቱ አልበራም።

«አምስት አምስት! ሮንዳ፣ አምስት ዶላር! ይኸ ደግሞ ከቄሶቹም ይበልጣል!»

«ዘምራ ጨርሳለች» አልኩት።

«ማን?»

«ልጅህ ናታ፣ ማን ትሆናለች! ያኔ ሳንድዊች ስናጋጭ። ያ ሁሉ ጩኸት ለእሷ ነበር። ፈለገችን፣ ዴረል። ቆማ ወንበሩን ሁሉ ፈለገች። እንግዲህ ሰባ ዶላርህን ብላው! ከበቆሎህ ጋር፣ ከቄሶችህ ጋር ብላው! ፀጉር ቤት ሄደህ ይህንንም አውራላቸው!»

ሰው ዞር ብሎ አየን። ዴረል ቲኬቶቹን ወርውሮ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፣ ግን በሁለት እጁ እንደያዛቸው በሩ ላይ ወደቆመው ቲኬት ተቀባይ ሄደ፤ ተከተልኩት። ያን አየር ባየር ነጋዴ ስናልፈው «በስንት ገዛህ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀው። ዴረል መሬት መሬት አየ።

ስለ ጨዋታው አትጠይቁኝ። ሚል ክሪክ አሸንፏል ይላሉ። እውነትም መዝሙር የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተጫዋቾቹ ስም ተጠራ፣ ኳሱ ተወረወረ። እኛ ላይኛው ረድፍ ላይ ነበርን። ታቢታ ከታች ከሙዚቃ ቡድኑ አጠገብ ተቀምጣ ቀይ ጃኬቷ ይታየኛል። ሰው ሁሉ ሜዳውን ሲያይ እሷ በየጊዜው አንገቷን አዙራ ወንበሮቹን ትቃኛለች። በዞረች ቁጥር ከፊቴ ካለው ሰው ጀርባ ዝቅ እላለሁ። የገዛ ልጄን ተደበቅኳት።

«ስማ» አልኩት በጆሮው። «ሴትዮዋ ሁሉንም ነግራኛለች፣ ማይኩን፣ ዓይኗን መጨፈኗን። ሰምተናል እንላታለን። ከምሰሶ ጀርባ ነበርን እንላለን። አንተ ዝም ብቻ በል።»

 ዝምታውን እሺ ብዬ ወሰድኩት። እንዲያውም ውለታ የሠራሁለት መሰለኝ፤ ጥፋቱ የእሱ፣ መሸፈኛው የእኔ።

ጨዋታው አልቆ ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ታቢታ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ እየሮጠች መጣች።

«ሰማችሁኝ?»

«ሰማን እንጂ የኔ ቆንጆ!» እጆቿን ያዝኳቸው። «ማይኩ ሲጠፋ ልቤ ቀጥ አለ። አንቺ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ አገጭሽን ቀና አድርገሽ... እዚያ ላይኛው ረድፍ ድረስ እኮ ጥርት ብሎ ነው የተሰማው!»

ዓይኗ ዕንባ ሞላ። «የት ነበራችሁ? ስፈልጋችሁ ስፈልጋችሁ...»

«ያ ትልቁ ምሰሶ ጋርዶን።»

«አላልኳችሁም!» ብላ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «አሉ አላልኳችሁም? ሳጣቸው አንድ ነገር ጋርዷቸው ነው እንጂ አይቀሩም ብዬ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። አባዬ መጋቢት ላይ ሙሉ ዋጋ ሲከፍል ታይቶ አይታወቅም፣ ለእኔ ከፈለ!» አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት።

ዴረል እጁን አላነሳም። ከላዩ ቀስ አድርጎ አላቀቃትና ቆቡን አወለቀ።

«አልነበርንም» አለ።

«ዴረል!» አልኩ።

«አልሰማሁሽም፣ ታቢ። ውጭ መኪና ውስጥ ሳንድዊች እየበላሁ ነበር። ቲኬት እስኪረክስልኝ ስጠብቅ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የምትዘምሪ መስሎኝ ነው፤ ደግሞ ቢመስለኝም ሰው አልጠየቅኩም። በአምስት ዶላር ገባሁ። እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ እናትሽ እንግባ ብላኝ ነበር።»

ጓደኞቿ ጫማቸውን አዩ። ጆሮዬ ነደደ። እኔንም ቢከስ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ እሱ ግን ተከላከለልኝ።

ታቢታ አባቷን አላየችም። የምታየው እኔን ነው።

«ማይኩንስ ማን ነገረሽ?»

«አንዲት ሴት። ከተሸነፉት ወገን። ቲኬቱን የሸጡልን ሰዎች።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። ‹ጀምሪ ልጄ፣ ጀምሪ› እያልኩ ነበር አለችኝ።»

«ስሟን ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኳትም።»

ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆሟል፤ ከእጁ ወስዳ ጭንቅላቱ ላይ አደረገችለት፣ ጠርዙን አስተካከለችለት። «ብርድ ነው አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው። እራት እናብላሽ ስላት ከመዘምራኑ ጋር በአውቶቡስ እንደምትሄድ ነገረችኝ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። ለበዓል የመጣች እንግዳን እንደምትሸኝ ሁሉ፣ «ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ምን ላድርግ፣ ጨበጥኳት።