ለተማሪዎቹ የተቀዳ ድምፅ

ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ባሌ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሊሆን። ዕጢው ሲወጣ ድምፁም አብሮ እንደሚሄድ ሐኪሞቹ ነግረውናል። እሱ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከምሳ ጀምሮ ስልኬን አስይዞኝ ለተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ያስቀዳኛል። መምህር ነዋ!

"ሲት ዳውን፣ ዊል ዩ?" ይላል፤ ቁጭ በሉ፣ እሺ? ማለቱ ነው። መጨረሻዋን ወደ ላይ ያነሣታል። "ድምፁ ሲነሣ ልመና ነው፤ ሲወድቅ ቁጣ ይሆናል። ልጆቹ ሆቴል ሲቀጠሩ፣ ሐይቁ ላይ ቱሪስት ጀልባ ውስጥ ሲያስቀምጡ ሰው እንዳያስቀይሙ።"

"እኔንማ ዕድሜ ልክህን በሚወድቀው ነው ያዘዝከኝ" አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ውኃ ሰጠሁት።

እንደገና ጀመረ። "ኦፕን ዘ ዊንዶው፣ ዊል ዩ?" ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ የሚወጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ አበላሸበት። ደገመው፣ ደጋገመው፤ ድምፁ እየሻከረ ሄደ። እኔ በደገመ ቁጥር የመቅጃውን ቁልፍ እጫናለሁ። ገበያ ላይ የጨንቻ ጋቢ ስሸጥ አፌን የሚችለው የለም፤ እዚህ ግን አንዲት ነገር መጠየቅ አቃተኝ።

በመጨረሻ ፈነዳሁ። "ለተማሪዎችህ ይኼን ሁሉ ተውክላቸው፤ ለእኔስ? ድምፅህ ሲሄድ እኔ ምን ልስማ?"

ወደ እኔ ዞረ። "ምን ልበልሽ?"

"ስሜን ጥራ። ከተጋባን ጀምሮ 'አንቺ' ነው የምትለኝ። ስሜን ጠርተህ ቅዳልኝ።"

አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋሁለት።

"ሸዋነሽ" አለ። ምራቁን ዋጥ አደረገና፣ "ሸዋነሽ... ሸዋዬ" አለ፤ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ ቀስ ብሎ። እንባዬ መጣ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ በእጁ በቃኝ አለኝና ጋደም አለ።

እንቅልፍ ሲወስደው ልሰማው ስልኩን ከፈትኩ። ተቀመጡ አለ፣ መስኮት ክፈቱ አለ፣ በር ዝጉ አለ። የኔ የለም። ፊት ፊቱን ሳይ ቁልፉን ሳልጫን ቀርቻለሁ።

ቀስቅሼ ድገምልኝ ልለው እጄን ዘረጋሁ። ሲተነፍስ እንኳ ያመዋል። ተውኩት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እንዳይጠፋብኝ፣ ልክ እሱ እንዳለው አድርጌ ስሜን ለራሴ እጠራለሁ።