ስለ ወይዘሮ አንጓች መታጨትና ስለ አዝዋሪት ድልድይ

ከሰው ልጅ ግብር ሁሉ መምረጥን የሚያህል በዓይን የቀለለ፥ በሚዛን ግን የከበደ ግብር የለም፤ ሽንኩርት የምትመርጥ ሴት እያገላበጠች፥ እየጨመቀችና እያሸተተች ባለ ሽንኩርቱን እስኪሰለቸው ድረስ ስታደክመው ትቆያለች፥ ያችው ሴትና የእርሷው ባል ግን በላያቸው የሚወስነውን፥ ስለ እነርሱም በአደባባይ የሚናገረውን ሰው ለመምረጥ በቆሙ ጊዜ፥ ልቡናቸውን ለጎረቤት አውሰው፥ ዓይናቸውንም ወደ ሌላ አዙረው፥ እጃቸው የደረሰበትን ያነሣሉ። መመረጥም ቢሆን ከዚህ የማያንስ ዕፁብ ነገር ነው፤ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ቀደምት ሰዎች ለሙሽራይቱ ያበጁትን ቃል ደኃራውያን ወስደው ለምክር ቤት ወንበር ስላዋሉት፥ አንዲት ሴት «ታጨች» በተባለች ጊዜ ሰሚው ለሠርግ ይሰናዳ ወይስ ለምርጫ፥ ቃሉ ራሱ አይነግረውም። በጠዛ ምንጭ ከተማ የሆነው ሁሉ የሆነው፥ ይህች ቃል ሁለት ፊት ስላላት ነው።

በጠዛ ምንጭ መካከል አዝዋሪት የሚሉት ወንዝ ያልፋል፤ በበጋ ሕፃናት በአንድ ዝላይ የሚሻገሩት የተናቀ ጅረት ሲሆን፥ ክረምት በገባ ጊዜ ግን እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ፥ አረፋውን እያስገመገመ፥ ከተማይቱን እንደ ዳቦ ለሁለት የሚቆርስ ጨካኝ ውኃ ይሆናል። ጤና ጣቢያው፥ ገበያውና የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በወዲህ ናቸው፤ ብዙው ሕዝብ፥ ይኸውም ድኻው፥ ማዶ ሰፈር በሚባለው በወዲያ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ይታይሽ የምትባል ወጣት ሴት ምጥ ይዟት፥ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ከወንዙ ዳር ደርሰው፥ ውኃው እስኪጎድል በዝናብ ቆመው ሲጠብቁ፥ ሕፃኑ በማኅፀኗ ሳለ ሞተ። ይህችን ይታይሽን ከልጅነቷ ጀምራ ያሳደገቻት አክስቷ ወይዘሮ አንጓች ነበረች፤ ባሏ አቶ ፈንታሁን ከሞተባት ወዲህ ጌሾ እየነገደች የምትኖር፥ ወገቧ ቀጥ ያለ፥ አንደበተ ስለታም፥ ከእውነት የማትመለስ፥ በቀልዷም ለማንም የማትራራ ሴት። በያዝነው ዓመት ይታይሽ እንደገና አረገዘች፤ ወሯም ሲቈጠር ሐምሌ ላይ ወደቀ። ይህን በሰማች ጊዜ ወይዘሮ አንጓች እልል አላለችም፥ አላለቀሰችምም፤ ወደ አዝዋሪት ወርዳ ደረቁን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች እንጂ።

የእግረኛ ድልድይ ይሠራልን የሚለው ጩኸት በቀበሌው ምክር ቤት አዲስ አልነበረም፤ ነገር ግን ለማዶ ሰፈር የተመደበችው አንዲት ወንበር፥ በወንዙ ወዲህ ቤት ሠርቶ የተሻገረ ሰው ተቀምጦባት ስለ ነበረ፥ ጩኸቱ ወንበሯ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይይዘው ነበር። የምርጫው ዘመን በደረሰ ጊዜ የማዶ ሰዎች በዕድሩ ድንኳን ተሰብስበው፥ ከመካከላቸው ማንን እንደሚያቀርቡ ተመካከሩ። በዚያ አገር ልማድ፥ ለሹመት የተጠቆመ ሰው ሁሉ «እኔ አልችልም፥ ይቅርብኝ፥ የተሻለ አለ» እያለ መሬት መሬት እያየ መለመን አለበት፤ ቶሎ እሺ ያለ እንደ ሆድ አምላኩ ይቈጠራል። ወይዘሮ አንጓች ግን ስሟ በተጠራ ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና፥ እሺ፥ እፈልገዋለሁ፥ የምፈልገውም ለድልድዩ ነው አለች። ጉባኤው ሊለምናት ተሰናድቶ ነበርና ልመናው በእጁ ቀረበት። ከዚያም አጨብጭበው አጯት፥ ደጋፊዎቿም በየስማቸው ፈረሙላት፥ እርሷም በምርጫ ጣቢያው ተመዝግባ ቁልፍ የምርጫ ምልክት ሆኖ ተሰጣት።

ወሬውም «አንጓች ታጨች» ተብሎ ወጣ። ከድንኳኑ ሲወጣ ሙሉ ነገር ነበረ፤ በገበያው ሲያልፍ «ለምክር ቤት» የሚለው ተራገፈ፥ በወፍጮ ቤቱ ጩኸት መካከል ደግሞ የቀረው ሁሉ ጠፋ፤ እናም ጆሮው ከበድ ወዳለው ወደ አያ ምንውየለት ሲደርስ፥ ራቁቷን የቀረች አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። አያ ምንውየለት የሟቹ የአቶ ፈንታሁን ታላቅ ወንድም፥ የዕድሩ ዳኛ፥ በማዶ ሰፈር ነገር ሁሉ ቃሉ የሚሰማ፥ ለክብሩ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳ ሽማግሌ ነው። የወንድሙ ሚስት ሳታማክረው መታጨቷን በሰማ ጊዜ ምሳውን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ፤ መሪጌታ ልሳነወርቅ የተባሉትን ጎረቤቱን ይዞ፥ ጋቢውን ደርቦ፥ አንጓች ጌሾ እያሰጣች ወዳለችበት ግቢ ገባ፤ ከጌሾው ገለባ የሚለቅሙላት ጎረቤት ሴቶችም እጃቸው ሥራ ፈታ።

«አንጓች፥» አለ፥ በቀረበለት ዱካ ሳይቀመጥ፥ «ታጭተሻል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው አያ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው የታጨሁት፤ እርስዎ ወፍጮ ቤት ነበሩ አሉኝ።»

«መቼ ነው ቀኑ?»

«ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ። ምልክትም ተሰጥቶኛል፥ ቁልፍ።»

«ገና ከአሁኑ ቁልፍ! የወንድሜ አጥንት ሳይደርቅ!»

«እርሱማ በሕይወት ቢኖር ደስ ይለው ነበር። ደግሞም ለአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ ካልጣምኋቸው ሌላ ይመርጣሉ።»

አያ ምንውየለት «ካልጣምኋቸው» የሚለውን ሲሰማ፥ እንዲህ በአክብሮት የሚጠራው ሰው ማን ይሆን ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውየው በዕድሜ ትልቅ ናቸው ማለት ነው?»

«ትልቅም ትንሽም አለበት» አለች ወይዘሮ አንጓች ግራ ተጋብታ፤ «ወንዱም ሴቱም።»

መሪጌታ ልሳነወርቅ ነገሩ ቀድሞ ገባቸውና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ወይዘሮ አንጓች የእርሳቸውን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይታ፥ ወደ አያ ምንውየለት ቁጡና ሐዘንተኛ ፊት ዞራ፥ ያን ጊዜ ተረዳችው፤ በዚያችም ቅጽበት ዝም ብትል፥ በለሆሳስም ብታስረዳው፥ ይህ ታሪክ ሁሉ ባልተጻፈ ነበረ። እርሷ ግን ከሆዷ ሳቀች፤ ሴቶቹም ከእርሷ ጋር ሳቁ፤ ሳቁም ሊበርድ በቀረበ ጊዜ፥ «እንግዲያስ አያ፥ ጥሎሹን እርስዎ ይቀበሉልኝ» ብላ እንደገና አነደደችው።

ሽማግሌው ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ምላስ የፈጠነባት ሴት የምትጎዳው በተናገረችበት ሰዓት አይደለም፤ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ፥ የተሳቀበት ሰው ብቻውን በቀረ ጊዜ ነው። ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር «ሊድራት ሄዶ» እየተባለ ተሳቀበት፤ ሰላምታ የሚሰጡት ሁሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ሰጡት። የምዝገባው ጊዜ ከማለፉ በፊት አያ ምንውየለት ራሱ ሄዶ በዕጩነት ተመዘገበ፤ ምልክቱም ጃንጥላ ሆነ። ስለ ድልድዩ ምን ታስባለህ ያሉትን፥ አባቶቻችን ውኃው ሲጎድል ጠብቀው ተሻግረዋል፥ እኛንስ ምን አስቸኮለን ሲል መለሰላቸው። ወንበሯን እንደማይሻት፥ የሚሻው የተሳቀበትን ቀን የሚሸፍንበት ጨርቅ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

ወይዘሮ አንጓች ከደጅ ወደ ደጅ ዞረች፤ ራሷን ማሞገስ ለአንደበቷ እንኳ ነውር ስለ ሆነባት፥ ስለ ራሷ ትታ ስለ ወንዙና ስለ ምርጫው ሥርዓት ብቻ ተናገረች፤ የነዋሪነት መታወቂያችሁን ይዛችሁ ተመዝገቡ፥ የሚሰጧችሁንም ካርድ በቅመም ዕቃ ውስጥ አትቅበሩት፤ በዕለቱ ወረቀት ተቀብላችሁ ወደ መጋረጃው ግቡ፥ ከምትፈልጉት ምልክት አጠገብ የኤክስ ምልክት አድርጉ፥ ብዕር ያልለመደ እጅም አሻራውን ያሳርፍ፤ ሁለት ሰው ማስደሰት የፈለገ ሁለት ቦታ ምልክት ቢያደርግ ማንንም አላስደሰተም፥ ወረቀቱ ይጣላልና፤ አጥፋችሁ በሣጥኑ ክተቱ፥ የመረጣችሁትንም ለእኔ እንኳ አትንገሩኝ። አንዲት ጎረቤቷ ባሏ የእርሷንም ድምፅ ጨምሮ ለአያ ምንውየለት ቃል መግባቱን በሐፍረት በነገረቻት ጊዜ፥ ባልሽ የራሱን ይስጥ፥ በዚያ መጋረጃ ውስጥ ሁለት ሰው አያስገቡም አለቻት። በዚህ ሁሉ መካከል የይታይሽ ሆድ ገፋ፤ እርሷም አክስቷ ስትወጣ ስትገባ እያየች ምንም አትጠይቅም ነበር፤ አለመጠየቋ ግን ከጥያቄ ይልቅ ይከብድ ነበር።

እሑዱ ደረሰ፤ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ አጥሩ ማዕዘን ተዘረጋ። አያ ምንውየለት ነጭ ልብሱን ለብሶ፥ ዘንጉን ተመርኩዞ፥ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ቆሞ ነበር፤ ያዩት ሁሉ አንጀታቸው ተንሰፈሰፈ። ይህ ሽማግሌ ማንም ሳይመርጠው ቢቀር፥ ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ በምን ፊቱ ይኖራል? አንጓች እንደ ሆነች ማሸነፏ የታወቀ ነው፥ የእኔ አንዲት ድምፅ ብትቀርባት ምን ትጎዳለች? እንዲህ ብሎ ያሰበ ሁሉ ይህን ያሰበ እርሱ ብቻ መሰለው፤ ሰውም ለለቅሶ ቤት እንጀራ እንደሚልክ፥ ድምፁን ማጽናኛ አድርጎ ለአያ ምንውየለት ላከለት። ያኔ የሳቁት ሴቶች ሰጡት፤ ቃሬዛውን ከተሸከሙት ጎረምሶች አንዱ ሳይቀር ሰጠው። ወይዘሮ አንጓችም በተራዋ መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ ቁልፉንና ጃንጥላውን ጎን ለጎን አየች፤ ለራስ ፈርዶ ምልክት ማድረግ እጇን አሳፈራት፥ ሽማግሌው ከግቢዋ ሲወጣ ያየችው ጀርባም በዓይኗ መጣ፤ ቀለም በነካው ጣቷ ብዕሩን ጨብጣ ቆየችና፥ ይሁን፥ ይህችን እንኳ ልካሰው ብላ፥ ከጃንጥላው አጠገብ ምልክት አድርጋ ወጣች።

ውጤቱ በጣቢያው በር በተለጠፈ ጊዜ አያ ምንውየለት አሸንፎ ነበር። የማዶ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ እያንዳንዱም ሌላውን በልቡ ከሰሰ፥ የራሱን እጅ ግን ከነጠላው በታች ሸሸገ። ወይዘሮ አንጓች ያን ዕለት ጌሾዋን እንኳ ሳታነሣ፥ ፀሓይ እንደ መታው ትታው ተቀመጠች። ድምፅ ምጽዋት አለመሆኑን፥ ይሰጠኝ ላለ ሁሉ ከመሶብ እንደሚቈረስ እንጀራ እንደማይቈረስ፥ በመጋረጃው ውስጥ የሰጠችውም የራሷን ወንበር ሳይሆን የይታይሽን መሻገሪያ መሆኑን፥ አሁን ማንም ሳያስተምራት ዐወቀችው። ሲያቃጥላት ውሎ፥ በማግስቱ ማለዳ ተነሥታ ወደ አያ ምንውየለት ቤት ሄደች። ሽማግሌው ከደጁ ባለው መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንኳን ደስ ያለህ ሊለው የመጣ ሰው አልነበረም።

«ልትስቂ ከሆነ ሳቂና ሂጂ» አላት።

«ስለ ሳቄ ይቅር ይበሉኝ፤ በሰው ፊት አሳፍሬዎታለሁ። የመጣሁት ግን ልጠይቅዎ ነው። ይታይሽ ወሯ ሐምሌ ነው፤ ድልድዩን ከክረምት በፊት እፈልጋለሁ።»

«የሚጠይቁኝ የመረጡኝ ናቸው። አንቺ ባለጋራዬ ነበርሽ።»

«እኔም መርጬዎታለሁ።»

አያ ምንውየለት ጆሮው እንዳታለለው ሰው ዘንበል አለ፤ እርሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።

«በዚህ እጄ ከጃንጥላዎ አጠገብ ምልክት አድርጌያለሁ። ስላዘንሁልዎ ነው፤ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር፥ አልነበረም። አሁን ልመልሰው ብል አይመለስም፤ እርስዎ ግን የእኔ ሹም ነዎት፥ አልለቅዎትም።»

ሽማግሌው ዘንጉን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ፊቱም ቀስ በቀስ የሚጨልም ቤት መሰለ። «ሌሎቹስ?» አለ፤ «የሌሎቹም ድምፅ እንዲህ ያለ ነው?»

«እኔ የምነግርዎ የራሴን ብቻ ነው» አለች።

እርሱም ከዚህ ወዲያ አልጠየቀም፤ መልሱን ግን ስለ ተረዳው፥ ሳቅ ካቈሰለው ይልቅ ርኅራኄ አቈሰለው። ኩሩ ሰው በምጽዋት በተገኘ ወንበር ላይ እንደ ተጣለ ዕቃ መቀመጥ አይችልም፤ ወይ ይተዋታል፥ ወይ በሥራው ይገዛታል። አያ ምንውየለት ትቶ መሄዱን እንደ ሁለተኛ ሽንፈት ቈጠረው። ወይዘሮ አንጓች የወንዙን ስፋት፥ የዳርና ዳሩን አፈር ጽናት፥ ማን እንጨት ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ ተናገረች፤ እርሱም ያልሰማውን እያስደገመ አዳመጣት። ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን ከሁሉ ቀድሞ ተነሣና፥ እኔ ንግግር አላውቅም፥ የመረጡኝን ሰዎች ድልድይ ከማንሣቴ በፊት ግን አልቀመጥም ብሎ ቆመ፤ ሊቀመንበሩ ደጋግሞ ቢያስቀምጠው እየተነሣ፥ ተቀመጥ ሲባል በከባድ ጆሮው እያመካኘ፥ የተባለውን እንዳልሰማ እየሆነ፥ አስጨነቃቸው። ከቀበሌው የተገኘው ብረትና ሚስማር ብቻ ነበር፤ ባሕር ዛፉን የማዶ ሰዎች አዋጡ፤ በመጋረጃ ውስጥ የሰጡትን ያስታወሱ ሁሉ ከሌሎቹ ይልቅ በርትተው ተሸከሙ። የተሠራውም ድልድይ ጠባብ ነው፤ ጭነት ያለው በቅሎ አያሳልፍም፥ ሲረግጡትም ይንቀጠቀጣል፥ ስለዚህም ወቃሽ አላጣም። ሐምሌ ገብቶ አዝዋሪት ሲያጓራ፥ ይታይሽ ቃሬዛው እንዳይመጣ ከልክላ፥ በአክስቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ፥ እየቆመችና እያማጠች በእግሯ ተሻገረች፤ ከመሸም በፊት በጤና ጣቢያው ሴት ልጅ ወለደች። በሐዘኔታ ወደ ወንበር የወጣን ሰው ለሥራ የሚያስነሣው፥ ተሳስቶ እንደ መረጠው ሳይሸሽግ ማለዳ ከደጁ የሚቆም መራጭ ነው፤ ድምፁን ሰጥቶ የተኛ ሰው ግን፥ ማንን እንደ መረጠ፥ ለምን እንደ መረጠም አያውቅም።