የኛይየን እናት ድምፅ

ሽታዬ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ በጦርነት የተበታተኑ ቤተሰቦችን በሚያፈላልግ አንድ ትንሽ ድርጅት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበረች። የጠፉ ልጆች ፎቶና ከየቦታው የተቀዱ የድምፅ መልእክቶች የሚቀመጡበትን ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ናት። ስሙና ፎቶው ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ድምፁ ግን ይከብዳል፤ ኔትወርኩ ስለማይችለው እዚያው ይቀራል።

አሮጌው ሰርቨር ተበላሽቶ በእርዳታ የመጣው አዲሱ ሲተካ አንድ ነገር አላምር አላት። የመጋቢት ሙቀት ግድግዳውን ሳይቀር ያግለዋል፤ የሰርቨሩ ማራገቢያ ግን ብርድ አገር ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ስትመረምረው ምክንያቱን አገኘችው። ሙቀቱን የሚለካውና ማራገቢያውን የሚያዘው አንድ ትንሽ ቺፕ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮግራም፣ ያንን ቺፕ የሚያናግርበት ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለዚህ ቺፕ ደግሞ ድራይቨር የጻፈለት ሰው የለም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «የማይታወቅ ቺፕ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ራሷ ልትጽፈው ሞከረች። ለተቀራራቢ ቺፕ የተሠራውን ድራይቨር ወስዳ የዚህን መለያ ቁጥር ጨመረችበት። ድራይቨሩ ተነሣ፤ የሚያነበው ግን እብደት ነበር። አንዴ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት አለ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ በረዶ ነው ይላል። ቺፑ የቱን ቁጥር የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው፤ አምራቹም ሰነዱን ለማንም አይሰጥም። እንዲህ ያሉ ድራይቨሮችን ለሚጠብቀው ባሕር ማዶ ላለ ሰው ጻፈችለት። መልሱ ትሕትና የተሞላ ነበር። «እኔም ጠይቄ ከልክለውኛል። ማንበቡስ ግድ የለም፤ በግምት ትእዛዝ ከሰጠሽው ግን ማራገቢያውን ጭራሽ ልታቆሚው ትችያለሽ። እባክሽ አትንኪው።»

አልነካችውም። የሰርቨሩን ክዳን ከፍታ የክፍሉን ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊቱ አቆመችበት።

አንድ ቅዳሜ ኦቹዶ የሚባለው የመስክ ሠራተኛ ከኢታንግ ማዶ አቧራ ለብሶ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«የኛይየን እናት ተገኘች!» አለ። «በሕይወት አለች። ድምፅዋን ቀድቼዋለሁ።»

ኛይየን ጀዊ የስደተኞች መጠለያ የምትኖር የኑዌር ሴት ናት። ድንበር ስትሻገር የተለየቻትን እናቷን ስታፈላልግ ዓመታት አልፈዋል። ሽታዬ ድምፁን ወደ ሰርቨሩ ገለበጠችና መጥራቱን ለማረጋገጥ ከፈተችው። ያረጀ ግን ጠንካራ ድምፅ ነው። እንደ ኦቹዶ ሁሉ እሷም ኑዌርኛ ስለማትችል ምን እንደተባለ አልገባትም። መሐል ላይ አሮጊቷ ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ደጋገሙ። አስተርጓሚው ቦት ያኔ እዚያው ጀዊ ነበር፤ ሰኞ ኛይየንን ይዟት እንዲመጣ ተደወለለት። ኦቹዶም ድምፁን ከመቅጃው ካርድ ላይ አጥፍቶ ለሌላ ሥራ ወጣ። ደንቡ እንዲያ ነው፤ የሰው ድምፅ በኪስ ይዞ መዞርም ሆነ በግል ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ሽታዬ ወደ ኃላፊዋ ገባች። «አቶ ሩፋኤል፣ ለእሑድ ሰርቨሩን ላጥፋው? መብራት ከሄደ ባትሪው የሚይዘው እሱን ብቻ ነው፤ የክፍሉ ማራገቢያ ይቆማል።»

አቶ ሩፋኤል ዓይናቸውን አሹ። «የጠፋ ልጅ እሑድስ አይመጣም? ባለፈው እኮ ሰርቨሩ ተበላሽቶ ስሙን መመዝገብ ስላልተቻለ ሌላ መጠለያ የወሰዱት ሕፃን አለ። አይሆንም፣ ሽታዬ።»

እሳቸውም እውነት አላቸው።

እሑድ መብራት ሄደ። ሰኞ ጠዋት የክፍሉን በር ስትከፍት ወላፈኑ ፊቷን መታት። ሰርቨሩ ጸጥ ብሏል። እስኪበርድ ጠብቃ አስነሣችው። ሁለት ዲስኮች ነበሩት፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፤ የሚቀመጡት ግን ጎን ለጎን፣ አንድ ሙቀት ውስጥ ነው። አንዱ ጨርሶ አልታየም። ሌላው ጠቅ፣ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እንደተቀመጠች ቦትና ኛይየን ደረሱ። ኛይየን ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷን ቅባት ተቀብታ ነበር።

«ማሌ» አለች በኑዌርኛ ሰላምታ፣ እየሳቀች።

ሽታዬ ለቦት ነገረችው። «ምን ብዬ ልንገራት?» አለ።

«እንደሆነው ንገራት።»

ነገራት። ኛይየን ወደ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ወደ ሽታዬ አየች፤ ቀስ ብላም ጠየቀች።

«አንቺ ሰምተሻታል ወይ ትላለች» አለ ቦት።

«ሰምቻታለሁ።»

«እናቴ ምን አለች ትላለች።»

«ቋንቋውን አላውቅም» አለች ሽታዬ። «መሐል ላይ ሳቁ በላት። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ነገር ደጋገሙ።»

«እስቲ እንደሰማሽው በይው ትላለች።»

ሽታዬ ሞከረች። ከአፏ የወጣው ምንም ቃል የማይሆን ድምፅ ነበር። ኛይየን ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻት። ሽታዬ እንደገና ሞከረች፤ ይኼኛው ከፊተኛውም ባሰ። ቦት ራሱን ነቀነቀ። «ስም ይመስላል» አለ፤ «ግን የማን እንደሆነ እንጃ።»

ዲስኮቹ ለጥገና አዲስ አበባ ተላኩ፤ «አልተቻለም» ተብለው ተመለሱ። ኦቹዶ ድምፁን ወደቀዳበት መንደር ተመልሶ ሄዶ ነበር። አሮጊቷ ካስጠጓቸው ሰዎች ጋር ተኩስ ሸሽተው ተነሥተዋል፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

ይህንን ለኛይየን ለመንገር ቦት ብቻውን ሊሄድ ነበር። ሽታዬ «እኔም እመጣለሁ» ብላ አብራው ጀዊ ወረደች። ኛይየን ቤቷ ደጃፍ ምንጣፍ አነጠፈችላቸው። ቦት ሲነግራት አላለቀሰችም። ሲጨርስ አንዲት ጥያቄ ጠየቀች።

«ሌላ ሰው ትልካላችሁ ወይ ትላለች።»

ዝናቡ ጀምሯል፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በውኃ ሊዘጋ ነው። ሽታዬ ዓይኗን ወደ ጠቆረው ሰማይ መለሰች። ቦት ይህን አይቶ ወደ ኛይየን ዞሮ በኑዌርኛ ብዙ ነገር ተናገረ። ኛይየን አንገቷን ደፍታ አዳመጠችው።

«ምን አልካት?» አለች ሽታዬ።

«ክረምቱ ሲወጣ እንልካለን አልኳት።»