የአርብ ገበያው ዋስ

እድላዊት በዚያ አርብ በርበሬዋን ማንም እንዲገዛት አልፈለገችም። ሴትዮዋ ግን ከፊቷ ቁጢጥ ብላ አንዱን ዛላ ታሸታለች፣ ሌላውን ሰብራ ፍሬውን ታያለች፣ መልሳ "ስንት ነው?" ትላለች። ተስፋ ቆርጣ እንድትሄድላት እድላዊት አፏ ላይ የመጣላትን ትልቅ ዋጋ ጠራች። ትልቅ መስሏት ነበር። ሴትዮዋ አንድም ሳትከራከር ቁናዋን አስጠግታ ሁሉንም ስፈሪልኝ አለቻት።

የበርበሬው እንቅብ ባዶ ከሆነ ነገሩ ሁሉ አበቃ። በርበሬው መሀል ስልኳ ተሸሽጓል፤ የካሜራው ዓይን ብቻ ወደ ገበያው ብቅ ብሏል።

ያዳኗት ከጎኗ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት አዛውንት ናቸው። ቀና ሳይሉ "ተሽጧል እታለም፤ ለኔ ቤት ነው የያዘችልኝ" አሉ። ሴትዮዋ እያጉረመረመች ስትሄድ ወደ እድላዊት ዞሩ። "በግማሽ ዋጋ እኮ ነው የጠራሽው ልጄ። ማን ነው አንቺን ገበያ የላከ?"

"ራሴ ነኝ አያ ይሁኔ።"

ስማቸውን ያወቀችው ጠዋት ነው። ቦታ አጥታ ስትንከራተት አይተው ከረጢታቸውን ጠጋ አድርገው ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ በርበሬ አያያዝ፣ ስለ ደንበኛ አጠራር፣ ስለ ፀሐዩም ጭምር ሲመክሯት አረፈዱ። እድላዊት በየደቂቃው ሰዓቷን እያየች "እሺ" ትላለች። ደግ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚዋሽ ሰው እንደሚጨነቀው ተጨንቃለች።

ነጋዴ አይደለችም። የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቴአትር ተማረች፣ ከዚያም አራት ዓመት ሙሉ በአዲስ አበባ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ደጃፍ ተመላለሰች። በአራት ዓመት ያገኘችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጥታ የምታለቅስ ለቀስተኛ። ሰው ሲጠይቃት "ጀርባዬ ዝነኛ ነው" ብላ ትስቃለች፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። በባህል ባለሙያነት ተቀጥራ አርብ ገበያ ከተማ ስትመጣም መድረክ አላገኘችም። ያለው አዳራሽ ስብሰባ አያጣውም። ስለዚህ ሰው ወዳለበት ሄደች። ወፍጮ ቤት ተራ በሚጠብቁ ሴቶች መሀል፣ መናኸሪያ ውስጥ፣ ውሃ ቦኖ አጠገብ ተዋናዮቿ እንደ ማንኛውም ሰው ገብተው ይጣላሉ፣ ይከራከራሉ፤ ሰዉም ሳያውቀው ጨዋታው ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ እሷ ብድግ ብላ ቴአትር መሆኑን ትናገራለች። ይሳቃል፤ ከሳቁ በኋላ ስለ ጉዳዩ የምር ይወራል። እስካሁን የተቀየማት አልነበረም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ጥሪ ወጣ። ከመድረክ ውጭ የሚሠሩ ቴአትሮች ለአንድ ፌስቲቫል ይፈለጋሉ፤ ሦስት ይመረጣሉ፤ ቪዲዮው እስከዚህ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ አለበት። እድላዊት ይህን ካነበበች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ያ በሩን የዘጋባት ከተማ በስሟ ሲጠራት ይታያታል። ዛሬ ካልተሳካ ሌላ አርብ የለም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ይርዳው ብቅ አለ። ይርዳው የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፤ ወደ ከተማው ከመጣ ሁለት ወር ስላልሞላው የሚያውቀው የለም። ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ትከሻው ላይ ሲጥል ከስማዳ የመጣ ገበሬ ነው የሚመስለው። ወዲያው ላቀች ከኋላው ደርሳ የጋቢውን ጫፍ ጨመደደች። ላቀች የእድላዊት አብሮ አደግ ናት፤ መካነ ኢየሱስ በነርስነት ትሠራለች፤ ዛሬ ግን የይርዳው እህት ናት።

የአባቴን መሬት ድርሻዬን ስጠኝ አለችው። ለስንት ዓመት ደጁን እንደረገጠች፣ ስንት ጊዜ ነገ ከነገ ወዲያ እንዳላት ዘረዘረችለት። ሰው እየዞረ ማየት ጀመረ።

ይርዳው ጋቢውን ከእጇ አስለቀቀ። "ባል አለሽ። ባልሽ መሬት አለው። ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ?"

አያ ይሁኔ ሽንኩርት መቁጠራቸውን አቆሙ። እድላዊት አይታቸዋለች፤ ብዙም ልብ አላለችውም። ይርዳው እንደተለማመዱት ዱላውን ከፍ ሲያደርግና ላቀች ስትጮህ፣ ከሕዝቡ መሀል አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"በሕግ አምላክ።"

ይርዳው ዱላው አየር ላይ እንዳለ ደረቀ። ይህ በቴአትሩ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ግን በዚህ ቃል ተይዞ የማይቆም የለም፤ ይርዳውም ተዋናይነቱን ረስቶ እንደማንም ያገር ልጅ ቆመ። ቃሉን ያሉት መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው። በድጓ ትምህርት ቤቷ በቤተ ልሔም ለዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸውና ገበያው ሁሉ ያውቃቸዋል። ጧፍ ሊገዙ መጥተው ኖሯል። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ፤ ሰው የእህል ከረጢት አስጠጋላቸው፤ ተቀመጡ። ሽምግልናው እንዲህ በአንድ አፍታ ተዘረጋ።

እድላዊት ልቧ በደስታ ዘለለ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም በየተራ ሰሙ። ላቀች ከጽሑፉ ወጥታ ከራሷ ጨምራ ተናገረች፤ ይርዳው ተከላከለ፣ አፈረ፣ በመጨረሻ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ፤ ማንም አልሄደም። መሪጌታ ፍርዱን ሰጡ፤ ክረምቱ ሳይገባ ግማሹን ለእህትህ ታካፍላለህ፣ ለዚህም ዋስ ትጠራለህ፣ ትምላለህ።

ብድግ ብላ መናገር የነበረባት እዚህ ላይ ነው። ታውቀዋለች። "ትንሽ ይቆይ" አለች በልቧ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ቀርጻ አታውቅም።

ይርዳው ዙሪያውን አየ። ዋስ የሚሆነው ሰው የለም። በሰው ፊት ዋስ ጠፍቶበት የቆመ ሰው ማየት ደግሞ ያሳቅቃል፤ ሰዉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ከእድላዊት ጎን አያ ይሁኔ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

"እኔ ዋስ እሆነዋለሁ መሪጌታ።"

"ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም። የተናገራትን ቃል ነው የማውቃት።" ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ሰው ለመስማት ተጠጋ። "ያችኑ ቃል ለእህቴ ብያታለሁ። ባል አለሽ ብያታለሁ። ሦስት ክረምት ደጄ ቆማ ተመለሰች። አምና ኅዳር ቀበርኋት። መሬቱን ዘንድሮም ያረስሁት እኔው ነኝ።" ወደ ይርዳው ሄደው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። "ይኼ ልጅ እኔን እንዳይሆን ዋስ እሆነዋለሁ። ቃሉን ቢያጥፍ ከኔ መሬት ለእህቱ ይቆረስላት።"

እድላዊት እንባዋ መጣ። እንባዋ እየመጣ ግን እጇ እንቅቡን ይዞ፣ ቀስ አድርጎ፣ ወደ አያ ይሁኔ ፊት አዞረው። ያደረገችውን ያወቀችው ካደረገችው በኋላ ነው።

"በል" አሉ መሪጌታ ይርዳውን፣ "በቤተ ልሔም ስም ማል።"

ይርዳው ገረጣ። ዓይኑ ከሰው መሀል እድላዊትን ፈለገ። በሐሰት እንደማይምል ታውቃለች፤ እንቢ ካለ ደግሞ እኒያ አዛውንት ስለማያውቁት ሰው ብለው ለከንቱ ተዋረዱ ማለት ነው። ቢምልላት ቪዲዮዋ ማንም ያልሠራው ፍጻሜ ያገኛል። ይህንንም አሰበች፤ ማሰቧን በኋላ ለራሷ አልካደችም። የአያ ይሁኔ እጅ አሁንም የይርዳው ትከሻ ላይ ነው።

ተነሣች። "በሕግ አምላክ" አለች።

ሁሉም ዞረ። ቴአትር መሆኑን፣ ይርዳው አስተማሪ፣ ላቀች ነርስ መሆናቸውን፣ የፈጠረችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ከዚያ ከኋላ አንዱ "ሽማግሌው ለቴአትር ዋስ ሆኑ" አለ፤ ሳቁ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። አያ ይሁኔ እጃቸውን ከይርዳው ትከሻ አነሡ። ማንንም ሳያዩ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሽንኩርቱን ወደ ከረጢት መክተት ጀመሩ።

መሪጌታ አልጮሁባትም። ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። "ገበያ መሀል መጫወትሽን አልነቅፍም" አሏት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። "እኛ ግን የተቀመጥነው የምር ነው። ቀድመሽ ብትነግሪን አብረን በተጫወትንልሽ።"

ሰው ተበተነ። ይርዳው ይቅርታ ሊል ሁለት ጊዜ ወደ አዛውንቱ ተጠግቶ ሁለት ጊዜ አፈረና ላቀችን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። እድላዊት ግን ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ልጅ ሆና አባቷ ለጎረቤት ሲያደርገው አይታለች። የአንዱን ነጋዴ ሸራ የሚይዘውን ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ አደረገችና አያ ይሁኔ ፊት ጎንበስ አለች። ከባድ ነበር።

"ይቅር በሉኝ።"

የከረጢቱን አፍ ሲያስሩ ቆዩ። ከዚያ "ይኼም ቴአትር ነው?" አሏት።

"አይደለም አያ ይሁኔ።"

"ታዲያ ያ ስልክ ምን ያያል?"

እንቅቡ እዚያው ነው። የስልኩ ዓይን ሁለቱንም እያየ ነው።

"በርበሬውን ወደኔ ስታዞሪው አይቸሻለሁ" አሉ። "የእጅህን ነው ያገኘኸው ብዬ ለራሴ፣ ዝም አልሁ።"

እድላዊት ድንጋዩን አውርዳ ስልኩን ከበርበሬው መሀል አወጣች፤ መቅረጹን አቆመች። ፊቷ ከእፍረት የተነሣ ይነድዳል። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት።

"ያልሁት ይሰማል?"

"ይሰማል።"

ትንሽ አሰቡ። ሟች እህታቸው አንድ ልጅ አለቻት፣ ሀይማኖት ትባላለች፣ ስማዳ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የእናትሽን ድርሻ እመልስልሻለሁ ብለው ሁለት ጊዜ ቃል ልከውላት ሁለት ጊዜ ቀርተዋል። "አሁን ብደውልላት አታምነኝም፤ እውነቷን ነው" አሉ። "ይኸን ላኪላት። ሰው ፊት ያልሁትን ትያዘው። ለሷ ብቻ ግን። ሌላ ሰው እንዳያየኝ።"

"ለሷ ብቻ" አለች እድላዊት።

ኔትወርክ የሚገኘው ከገበያው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ከረጢታቸውን ተሸክመው ተከተሏት። ቁጥሩን በቃላቸው ነገሯት፤ አያ ይሁኔ የተናገሩበትን ቆርጣ አውጥታ ላከችው። አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። መስመሩ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፤ እሷም ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገች ጉብታው ላይ ትንጎራደዳለች፤ ተቀመጪ ቢሏትም የማትቀመጥ ሆናለች። አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። አሥር ተኩልም አለፈ። በመጨረሻ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሀይማኖት እንዳየችው ስልኩ አመለከተ።

ፌስቲቫሉ የላከው ቅጽ ከሥሩ ክፍት ነው። ስሟ፣ የሥራው ርእስ፣ የተዋናዮቹ ስም፣ ሁሉም ተሞልቷል። የቀረው ቪዲዮውን ማያያዝና መላክ ነው፤ ሰዓቱ ይደርሳል። የአያ ይሁኔን ክፍል ብታወጣው የሚቀረው ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነው፤ ያን የሚመርጥ የለም። ብታስገባውስ ማን ያውቃል? እሳቸው አዲስ አበባ ሄደው ቴአትር አያዩ። ይህንን እያሰበች ጀርባቸውን አየች። ስልኳን እንዳያዩባት ብለው ይመስላል፣ ፊታቸውን ወደ ቆላው አዙረው ተቀምጠዋል።

የአያ ይሁኔ አሮጌ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አውጥተው ቁጥሩን አራቁት፣ አቀረቡት፤ ከዚያ ወደ እድላዊት ዘረጉላት። አየችው፤ አሁን የላከችበት ቁጥር ነው።

"እሷ ናት" አለቻቸው። "ያንሡት።"

ተነሥተው ጥቂት ራቅ አሉ። "አቤት ሀይማኖት" ሲሉ ሰማች። ከዚያ "አዎ፣ እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ያልሁት" ሲሉ ሰማች፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። እድላዊት ቅጹን ዘጋችው። ቪዲዮውን ከስልኳ አጠፋች፤ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቃትም አዎ አለችው። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና፣ አያ ይሁኔ አውርተው እስኪጨርሱ ሽንኩርታቸውን ልትጠብቅላቸው ከረጢቱ አጠገብ ተቀመጠች።