ሐሰተኛ እግር

ቴክኒሺያኗ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ በልቧ ትቆጥራለች። ስድሳ ደረሰች፤ መስታወቱ ላይ ያለው ነገር ንቅንቅ አላለም። እንደገና ከአንድ ጀመረች። ክብ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት ቀይ የደም ሕዋሳት ውጦ ተቀምጧል። አሜባም እንዲህ ያደርጋል። ግን አሜባ በሕይወት እስካለ አርፎ አይቀመጥም፤ ከገላው እግር መሳይ ነገር ያወጣና ወደዚያው ይፈሳል። የሰገራ ናሙናው ደግሞ ገና ትኩስ ነው። የሰጡት ሽማግሌ ከመጸዳጃ ቤቱ ከወጡ አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላቸውም።

መቶ ሃያ ላይ መቁጠሩን ተወችው።

ላቦራቶሪው ከምድር በታች ያለ ክፍል ነው። ብቸኛዋ መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነች በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ቴክኒሺያኗ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዙውን ታካሚ በጫማው መለየት ለምዳለች። ዛሬ ጠዋት ግን ጫማ ማየት አላስፈለጋትም። በቀኝ ረግጦ ግራውን የሚጎትት እግር፣ ያውም ዛሬ ከወትሮው አብዝቶ የሚጎትት፣ የመምህሯ እግር ነው።

ሥነ ሕይወት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድም ቃል ሳይፈቱ አያልፉም ነበር። "ስም በር ነው፤ ሳትከፍቱ አትግቡ" ይሏቸዋል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "አሜባ" ብለው ጻፉና፣ "ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። ለውጥ ማለት ነው፤ መልኩ አይረጋማ" አሉ። ቀጥለው ያንን እግር መሳይ ነገር ሣሉና ከሥሩ "ሐሰተኛ እግር" ብለው ጻፉ።

"እንደ ቲቸር" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድምፁ የእሷ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የመምህሩ ስም በትምህርት ቤቱ ሁሉ "አሜባ" ሆኖ ቀረ። እሳቸውም ሰሙ፤ ግን አልተቆጡም። "ቢያንስ ትርጉሙን አውቃችሁ ነው የሰደባችሁኝ" ብለው ትምህርቱን ቀጠሉ። የሚቆጡት ላጲስ ሲያዩ ብቻ ነበር። "ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዝ፤ ምን ብለን እንደተሳሳትን ይነበብ።"

ከስድስት ሳምንት በፊት፣ በአንድ ብርዳም ጠዋት፣ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያውን ናሙና ከቤት በትንሽ ዕቃ ይዛ መጣች። ቴክኒሺያኗ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን አነበበችና ብቻዋን ሳቀች። አሜባውን አሜባ ያዘው! ከዚያ አጎንብሳ አየች፤ ክብ ነገር፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ ሕዋስ። "አሜባ" ብላ ጻፈች። ናሙናው ቀዝቅዞ ስለነበር ይንቀሳቀስ እንደሆነ የምታይበት መንገድ አልነበረም። ትኩስ አምጡልኝ ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ መዝገቡን ገልጣ ያኔ የጻፈችውን አነበበችና ያንኑ ደገመች። መምህሩ የአሜባ ኪኒኑን ሁለት ዙር ዋጡ።

አሁን የምታየውንም ያኔ አስተምረዋታል። ሐኪሞች ማክሮፌጅ ይሉታል፤ መምህሩ "ትልቁ በላተኛ" ብለው ነበር የፈቱት። "የገዛ ገላችን ዘበኛ ነው። ሌባ ሲገባ ይውጠዋል። አሜባ ይመስላችኋል፤ ግን ወገን ነው።" ከገላ ከወጣ ፈዝዞ እንደማይንቀሳቀስ የተማረችው ኋላ ኮሌጅ ገብታ ነው። ዘበኛው እንዲህ በብዛት ከወጣ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ማይክሮስኮፑ አይናገርም።

"ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ" አለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጎነበሰ። "አሜባ አይደለም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ 'አሜባ አልታየም' ብለሽ ስጫቸዋ።"

"የበፊቶቹስ?"

"የቶቹ የበፊቶቹ?" ኃላፊው ቀና አለ። "ስሚኝ እህቴ፣ አልታየም ካልሽ መድኃኒቱ ሠራ ይባላል። ማን ይጠይቅሻል?"

"ሐኪሙ ድነዋል ብሎ ቢመልሳቸውስ?"

"ከሰገራቸው ጋር የሚወርደው ደም ካላቆመ ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ።"

"እስከዚያ ከቆዩ።"

ኃላፊው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በፊት የሠራበት ክሊኒክ በአንድ የተሳሳተ ውጤት ሲዘጋ ያየ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። "ዘጠኝ ዓመት የገነባሽውን ስም በአንድ መስመር አታፍርሺው" አለና ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ኮሪደሩ ላይ መምህሩ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀበቷቸው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ፤ ከእሱ አጠገብ ደግሞ ሌላ፣ ከዚያኛውም የባሰ አዲስ።

"ጥያቄ!" አሏት፤ በተማሪነቷ ያወጡላት ስም ነው። "ሞክሼዬ እንዴት አደረ?"

"ቲቸር፣ ይግቡና ራስዎ ይዩት።"

"ምን ተገኘ?" አለች ልጃቸው ከመቀመጫዋ ተነስታ። "አባዬ እህል ከቀመሰ እኮ ሁለት ቀኑ ነው።"

ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳረፉ። ቆዩ። በመስኮቷ በኩል የብዙ ሰው እግር አለፈ።

"አይራመድም" አሉ በመጨረሻ።

"አይራመድም።"

"ሞክሼዬ አይደለማ።"

"አይደለም።"

"በላተኛው ነው?"

"ትልቁ በላተኛ።"

ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። "ያኔስ ይራመድ ነበር?"

ቴክኒሺያኗ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች፤ ጣቷ ላይ ተጣበቀባት። "አላየሁም። ቀዝቅዞ ነበር የመጣው። ስምዎን አነበብኩና ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ያየሁት ያንኑ ስም ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አለች ልጃቸው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ይልቅ ወረደ። "አባዬ በስድስት ሳምንት ሁለት ዙር ያንን መራራ ኪኒን የዋጠው ላንቺ ሳቅ ነው? ሌሊት ሌሊት ማስታወኪያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ እኮ። ስድስቱን ሳምንት ከየት ነው የምትመልሺልን?"

ቴክኒሺያኗ የተጣበቀውን ጓንት ስባ አወለቀች።

"ትቆጪያታለሽ" አሏት መምህሩ ልጃቸውን። "ይገባታልም። መጀመሪያ ግን ትጨርስ።" ወደ ቴክኒሺያኗ ዞሩ። "ዘበኛው ሲጮህ ሰምተሽ ሌባው እሱ ነው አልሽ በይኛ።"

"አዎ ቲቸር።"

"ሌባውስ?"

"አላውቅም። ሐኪሞች አንጀትዎን በካሜራ ማየት አለባቸው። ዛሬውኑ።"

"ክፉ ሊሆን ይችላል?"

"ይችላል።"

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትክክል የመለሰ ተማሪ ፊት እንደሚነቀንቁት። በጣታቸው ግን የቀበቷቸውን አዲስ ቀዳዳ ይዳብሱ ነበር። "ሐኪሙ ይህን ያውቃል?"

"ገና።"

ኃላፊው ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ አንገቱን በዝግታ ግራና ቀኝ አወዛወዘ። አየችው። ከፊቷ ባዶው የውጤት ወረቀት አለ፤ "አልታየም" ተብሎ ሊጻፍበት የሚበቃው ስፋት ሁለት ጣት አይሞላም። ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋችና ትልቁን መዝገብ ሳበች። ከስድስት ሳምንት በፊት ያለውን ገጽ ገለጠች። "አሜባ" በሚለው ቃል ላይ፣ ፊደሉ ሳይጠፋ፣ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። ከላዩ "ሲንቀሳቀስ አላየሁም፤ ስህተቱ የእኔ ነው" ብላ ጻፈች። ፈረመች፣ ቀኑን አሰፈረች። ሦስት ሳምንት ወደፊት ገልጣ ሁለተኛውን መስመር አሰመረች። ከዛሬው ቀን ትይዩ ደግሞ ያየችውን በስሙ ጻፈችው።

መዝገቡን ዘግታ ብብቷ ሥር ያዘች።

"መዝገብ ከዚህ ክፍል አይወጣም" አለ ኃላፊው።

"ይመለሳል" አለች።

የሐኪሙ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ልጃቸው በቀኝ፣ እሷ በግራ ሆነው ደረጃውን ጀመሩ። ልጃቸው አንድም ጊዜ አላየቻትም። መምህሩ በቀኝ ይረግጡና ግራውን ይጎትታሉ፤ ቴክኒሺያኗም እግራቸው እስኪደርስ በየደረጃው ቆማ ጠበቀች።