የጣሊያን ጥርስ

ኢንድሪስ ብስክሌቱን ሃንጋሩ በር ላይ ጥሎ እየሮጠ ሲገባ፣ መካኒኩ ጠዓመ የሞተሩን ክዳን ዘግቶ የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቀ ነበር። ኢንድሪስ አስመራ ውስጥ ፎርቶ አጠገብ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ቦርጫም የወሎ ሰው ነው። እሱ ያን ሁሉ መንገድ በብስክሌት ከመጣ ደህና ነገር የለም ማለት ነው።

«አውሮፕላኗ አልበረረችም?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ፊትህ ቆማለች እኮ። ምን ሆነሃል?»

ኢንድሪስ ከኪሱ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት የብረት መጋጠሚያዎች አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራቸው።

«ከዒድ በፊት ባለቤቴ መሪማ ሱቁን ስታጸዳ የጣሊያኑንና የአሜሪካኑን መጋጠሚያ ጣሳ አንድ ላይ ገልብጣዋለች። ቦታ እንዲሰፋልኝ ብላ ነው፣ ምን ልበላት? ዛሬ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የሸጥኩለትን ይዞ ሲመለስ ነው የነቃሁት። ትናንት የወሰድከውን እንጃ፣ ጠዓመ ሓወይ፣ ወንድሜ። ወላሂ እንጃ።»

ጠዓመ ሁለቱን አገላብጦ አያቸው። ለዓይን መንታ ናቸው። የጣሊያኑ የመጠምዘዣ ጥርስ በሚሊሜትር፣ የአሜሪካኑ በኢንች የተቆረጠ ቢሆንም ልዩነታቸው ከፀጉር አይወፍርም። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ጥብቅ ይላል፤ የቸኮለ ሰው «ልክ ነው» ብሎ መፍቻውን ያስቀምጣል።

ጠዓመ ደግሞ ትናንት ቸኩሎ ነበር። ይህች ትንሽ የአንበጣ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አሜሪካ ሠራሽ ናት። የቆላው ሙቀት ሞተሯን እያጋለ ስላስቸገረ ሁለተኛ የዘይት ማቀዝቀዣ ጨመረላት፤ ዘይቱ ሁሉ በዚያች መጋጠሚያ በኩል ያልፋል። ወደ ቆላው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከተነቀለች ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ነክሶ ለመቆም አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከታች ደግሞ ገደል እንጂ ማረፊያ የለም።

የጥርስ መለኪያ አጥቶ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ግን ሥራ ያስተማረው ጣሊያን በመለኪያ የሚሠራውን ሁሉ ይስቅበት ነበርና የአስመራ መካኒክ መለኪያ ሲያወጣ ከታየ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል። ጠዓመ ሃያ ዓመት ሙሉ በእጁ ሲኮራ ኖሯል። ሌላ የሚኮራበት ወረቀትም የለውም። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ከአዲስ አበባ ሲሆን፣ እሱን የሚፈትነው መርማሪ የሚመጣው ሰኞ ነው።

አብራሪው ካፒቴን ኣባዲ ጓንቱን እያጠለቀ መጣ። «ማስትሮ፣ ጨረስን?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ካፒታኖ።»

«ትናንት አስነስተን አይተነው የለም? ጠብታ እንኳ አልነበረም።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጌታዬ» አለ ኢንድሪስ።

ጠዓመ ክዳኑን ከፍቶ መጋጠሚያውን ፈታ። በሦስተኛው ዙር እጁ ላይ ወደቀ። በብረቱ ጥርስ ውስጥ ነጭ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተሰግስጓል፤ ለካስ የጣሊያኑ ነበር፣ ትናንት የጠበቀውም የማቀዝቀዣውን ጥርስ እየበላ ነው። ጠዓመ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። በጣም አፈረ።

«ዛሬ አይበሩም» አለ። «ማቀዝቀዣው ራሱ ተበላሽቷል።»

ካፒቴኑ ፍቅፋቂውን በጣቱ አሸው።

«በእኔ አሳበው» አለ ኢንድሪስ። «ሻጩ የተሳሳተ ዕቃ ሰጠ ብለህ ጻፍ። የእኔን ሱቅ የሚፈትን መርማሪ የለም።»

«ይሁን፣ እኔም እፈርማለሁ» አለ ካፒቴኑ። «ደርሰንበታል፣ ሰው አልተጎዳም። ለምን እንጀራህን ታጣለህ?»

ጠዓመ ሁለቱንም ሊያመሰግን አፉን ከፍቶ ቆም አለ።

«ኢንድሪስ፣ ዒድ መቼ ነበር?»

«ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ።»

ባለፈው ሐሙስ ለሁለተኛዋ መርጫ አውሮፕላን ይህንኑ የመሰለ ማቀዝቀዣ ገጥሞላታል። መጋጠሚያውን የገዛው ከዚያው ከተደባለቀው ጣሳ፣ ያጠበቀው በዚያው እጁ ነው። አብራሪዋ ኣስመላሽ አሁን ምጽዋ ነው፤ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳል። የግድግዳው ሰዓት ለሦስት አሥር ጉዳይ ይላል።

ካፒቴኑ ዓይኑን ተከትሎ ሰዓቱን አየ፤ ገባው። «ያቺኛዋ ሳምንት ሙሉ በርራለች፣ ማስትሮ። ምንም አልሆነች። ልክ የሆነው ደርሷት ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«ነገ ማታ እዚህ ትመለሳለች። ያኔ ቀስ ብለህ ታያታለህ። አሁን ከደወልክ ግን በምጽዋ መዝገብ ይገባል፣ ዛሬውኑ ለአዲስ አበባ ይነገራል። ሁለት አውሮፕላን ነው፣ ጠዓመ። አንዴ ሻጩ ነው ይባላል፣ ሁለቴ ግን መካኒኩ ነው። ሰኞ የሚፈትንህ ሰው ፊትህን ሳያይ ፋይልህን ይዘጋዋል።»

«እወ» አለ ጠዓመ። «አውቃለሁ።»

ቢሮው ገብቶ የስልኩን እጀታ አዞረ። መስመሩ ተንጫጫ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። ካፒቴኑና ኢንድሪስ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምጽዋ ማረፊያ» አለ አንድ የሰለቸው ድምፅ።

«ኣስመላሽ ተነስቷል?»

«ሞተር እያሞቀ ነው። ማን ልበል?»

ጠዓመ በሩ ላይ የቆሙትን አላያቸውም። «አሁኑኑ አስቁመው። ሮጠህ አስቁመው፤ ስልኩን አልዘጋም። ስሜን ስትመለስ ጻፈው። ጠዓመ ነኝ፣ መካኒኩ። የዘይቱን መጋጠሚያ ሳልለካ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»