ዓሣው የሚከማችበት ቦታ

«ጋሼ፣ ዓሣው የሚከማቸው መሪማ ጋ ነው» አልኩት አጎቴን። ረዳት ቅጠርላት ማለቴ ነበር። እሱ ግን የከሰስኳት መሰለው።

ሐይቅ ከተማ ያለው የአጎቴ የዝናቡ ዓሣ ቤት በዐቢይ ጾም ይጨናነቃል። ደንበኛው ዘገየብን እያለ ሲንጫጫ አጎቴ ሁለተኛ መጥበሻ ገዛ። ዓሣውን ፍቃ የምትበልተው ግን ያው መሪማ ብቻ ናት። ሁለቱ መጥበሻዎች ዘይት አግለው እሷን ሲጠብቁ ይውላሉ።

አጎቴ እኔን አስከትሎ ወደ ጓሮ ገባና «አንቺ ዘገምተኛ! ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!» ብሎ ጮኸባት።

መሪማ ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «አበጀሽ! ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ እንጀራዬን እንድትቀሚኝ ነው?»

ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ንዴቱ አሸነፈኝ።

«አንድ ሰው ለሁለት መጥበሻ አይበቃም፣ ጋሼ! ደንበኛውን ያስጠበቅከው አንተ ነህ፣ እሷ አይደለችም!»

ተመጋቢው ሁሉ በጓሮው በር በኩል ዞሮ አየን። አጎቴ ፊቱ ቀላ።

«እንግዲያው ዲግሪሽን ይዘሽ አንቺው ፋቂያ!»

ሽርጥ አሰርኩና ከመሪማ ጎን ተቀመጥኩ። መሪማ ከሥራዋ አልተባረረችም፤ አጎቴ ግን እስከ ፋሲካ አላናገረኝም።